ያልሰማሁት የአስተናግር መጨረሻ

ልጅ ሳለሁ፣ በካርቱም ዳር ሰፈራችን በካላክላ የበቀለ አረም ሁሉ ስም ብቻ ሳይሆን አመልና ዘመድም ያለው ይመስለኝ ነበር፤ እንዲህ እንዲመስለኝ ያደረጉኝ ደግሞ አያ እንድሪስ ናቸው። አያ እንድሪስ ከእኛ ሦስተኛው ግቢ የሚኖሩ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸው ከበሕሩ ዳር ሣር አጭደው ለካሮ አህዮች መሸጥ ነበር፤ ካሮ የምንለው አህያ የሚጎትተውን ጋሪ ነው፣ በሕር የምንለው ደግሞ ነጭ አባይን። ካርቱም ላደገ ልጅ ሌላ ባሕር የለም። የአያ እንድሪስ ቁመት የመስጊድ ሚናራ ያህል ነበር። እሺ፣ ሚናራ አይሁን፤ ግን በራችንን ሳይጎነበሱ የገቡበት ቀን አልነበረም።

እኔ ሰዓዳ ነኝ። ያኔም ሆነ ዛሬ ሰፈሩ የሚያውቀኝ «ቀባጣሪዋ» በሚል ስም ነው። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረን የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደልም የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ምላሴ ግን ከጥርሴ በፊት ነው የበቀለው። ድመት ካየሁ ነብር አየሁ ብዬ አወራለሁ። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ዶሮ ከዘንቢል ስታመልጥ አየሁ፤ እኔ ቤት እስክደርስ ድረስ ዶሮዋ ሾፌሩን አስወርዳ ራሷ መንዳት ጀምራ ነበር። ሰው ይስቅልኛል፤ የሚስቅ ሰው ካገኘሁ ደግሞ አልቆምም።

መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ የሰፈሩ ልጆች አያ እንድሪስ ግቢ እንሰበሰባለን። መብራት ብዙውን ጊዜ የለም። ከኑን በምንለው፣ ጠርዙ በተሸረፈው የከሰል ማንደጃ ላይ፣ በከሰሉ ፍም፣ የኒም ቅጠል ይነሰነሳል፤ ጭሱ ትንኙን ካባረረ በኋላ ወደ እኛ ይዞራል፣ እኛ ግን እየሳልንም ቢሆን ንቅንቅ አንልም። እሳቸው ፋኖሷን ከሣር ክምሩ ራቅ አድርገው ያስቀምጡና የቀኑን አጨዳ ዘንግ በዘንግ ይለቅማሉ። አንድ እስር ሣር ውስጥ አንድ ክፉ ቅጠል ከገባ የሰው አህያ ሆዷ ተነፍቶ ታድራለች፤ ባለቤቷም በነጋታው ዱላውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንዱን ዘንግ መዘው ወደ ብርሃኑ ያነሱትና «ይሄ ማነው?» ይሉናል። ምንድነው ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ ማነው ነው የሚሉት። አንዱ ልጅ ስሙን ሲጠራ እሳቸው ታሪኩን ይቀጥላሉ፤ እጃቸው ግን ከለቀማው አያርፍም።

ዓረቦቹ ሲዕዳ የሚሉት ሣር አለ፤ ነቅለውት ዞር ሲሉ ዐሥር ሆኖ የሚጠብቅ። እሱን ሲመዙ ወደ እኔ ይዞሩና «እቺ ያንቺ ሞክሼ ናት፤ ንጉሥ ቢያስነቅላት ዙፋኑ ሥር የበቀለች» ይላሉ፣ ልጁ ሁሉ ይስቅብኛል። ኡሸር፣ ያ ሰፊ ቅጠሉ ሲቆረጥ ወተት የሚያንጠባጥበው፣ በእሳቸው ታሪክ ከጥጃ አፍ ወተት የነጠቀች ሴት ነበረች፤ ወተቷን የነካ እጅ ዓይን ማሸት የሌለበትም ለዚህ ነው። ኩርንችት፣ እዚህ ድሬሳ የሚባለው ባለ ቀንድ እሾህ፣ ጌታው ከሞተም በኋላ ጥበቃዬን አልተውም ያለ ዘበኛ ነበር፤ አሁንም በባዶ እግሩ የሚያልፈውን ሁሉ ይይዛል። ታሪኩ ሲያልቅ ፍርድ ይሰጣል፦ ረጅላ፣ የሚበላው ቅጠል፣ ለወጥ ወደ ሳህኑ፣ ኩርንችት ወደ ፍሙ፣ ደህናው ሣር ወደ እስሩ። አንድ ቅጠል ብቻ ወደ ፍሙም አይጣልም። ጥግ ሄደው በማጭዳቸው ጫፍ ጉድጓድ ይምሱና ይቀብሩታል። «ጭሱም አያርፍም» ይላሉ። ጥርሳም ሰፊ ቅጠል ያለው፣ እንደ ጡሩምባ የተከፈተ ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ አረም ነው። እሳቸው በአገራቸው ስም አስተናግር ይሉታል።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ፣ እናቴ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በገረድነት ወደምትሠራበት የሰው ቤት በሚኒባስ ስትሄድ፣ እኔ የታናሽ ወንድሜን የኑሩን እጅ ይዤ አያ እንድሪስን እከተላቸዋለሁ። ከካላክላ ወደ ጡብ መተኮሻዎቹ የሚወስድ የበሕር ዳር ቀጭን መንገድ አለ፤ ከግራ ቀኙ የማይበቅል አረም የለም። እዚያ ላይ ሕጋቸው ይጠብቃል። ቅጠሉን ሳያይ፣ ግንዱን ሳይዳብስ፣ በጣቱ አሽቶ ሳያሸት ስም የጠራ ልጅ የዚያን ቀን ሁለተኛ አይጠየቅም። «አንዱን ብቻ አይተሽ ዘመዴ ነው አትበይ» ይሉኛል። ሰባት ዓመቴ ላይ መንገዱን በሙሉ በስም እየጠራሁ መሄድ እችል ነበር፤ ይሄ ግነት አይደለም።

ኑሩ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ይሰማል፣ ስንጠራው ይመጣል፣ የፈለገውን በጣቱ ያሳያል፤ አፉ ግን ዝግ ነው። ጎረቤቶች «የሱንም ድርሻ አንቺ በልተሽበት ነው» ይሉኛል፣ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ፤ ዩማ ግን አትስቅም። ዩማ የምንላት እናታችንን ነው፣ እንደ ሰፈሩ ልጅ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው ያሳደገችን። በዚያ ሰሞን ኑሩን ቁርዓን እንዲቀራ ኸልዋ ወስዳው ሼኹ «ሲናገር አምጪው» ብለው መልሰዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ውላ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው አፉን ነው፣ ዛሬ ቃል ወጥቶ እንደሆነ በከንፈሩ ላይ የሚታወቅ ይመስል።

ሐሙስ ነበር። አያ እንድሪስ ከክምሩ ውስጥ ያን ጥርሳም ቅጠል መዘው አነሱት፤ «ይሄ ማነው?» አሉ፤ «አስተናግር» አልኩ። ያኔ ነው ታሪኩን የጀመሩት። በአገራቸው አንድ ዝምተኛ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ አንድ ቃል ስጠኝ ብትለው፣ ብትለምነው፣ ብትጣላው መልስ የለም። እሷም የቅጠሉን ስም ሰምታ ይሄማ የኔ መድኃኒት ነው አለችና ቅጠሉን ወጡ ውስጥ ጨመረችለት። ሰውየው ገና እጁን ሳይታጠብ ወሬውን ለቀቀው። ምሰሶውን «አማቼ፣ እንዴት አደሩ» አለው። ከወተት ዕቃ ጋር ተጣላ። ጥላውን «መሬቴን ገፋህ» ብሎ ሽማግሌ አስቀመጠበት። ለፍየሏ ሠርግ ደግሶ መንደሩን ጠራ። እኛ መሬት ላይ እየተንከባለልን ነው የምንስቀው። እኔ ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልኩም፤ ይሄን የመሰለ ነገር አፌ ውስጥ ይዤ እንዴት ቁጭ ልበል? አያ እንድሪስ ሳይጨርሱ ተነስቼ ለዩማ ልነግራት ሮጥኩ።

በሦስት ግቢ ርቀት ውስጥ ታሪኩ እግር አወጣ። ዝምተኛ ባል ማንን ያስቃል? ልጅ ይሁን አልኩ። ዲዳ ልጅ፣ ልክ እንደ ኑሩ፣ ዩማ ታዳምጠኝ ዘንድ። ለፍየል ሠርግ መደገስም ለዩማ አይሆንም፣ ሃይማኖተኛ ናት፤ ስለዚህ ልጁ ቅጠሉን በልቶ የቁርዓኑን መክፈቻ ፋቲሐን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀራ። አያቶቹን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ። ሲያድግም ቃዲ ሆነ። ዩማ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እንደምትስቅ ጠብቄ ዓይኗን አየሁ፤ አልሳቀችም። ቢላዋው ብቻ ቆመ።

«ማነው ያለሽ ይሄን?»

«አያ እንድሪስ።»

«ስሙ ማነው ቅጠሉ?»

«አስተናግር።»

ደጋግማ በከንፈሯ አለችው። አስተናግር። ስሙ ራሱ የሚናገር ነገር ነው፤ አማርኛ ለሚሰማ ሰው ሌላ ትርጉም የለውም። ያኔ ዓረቦቹ በሚጠሩበት ስም ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው በሽንኩርቱ ላይ ባበቃ ነበር፤ እኔ ግን በቤታችን ቋንቋ ነገርኳት።

በነጋታው ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ነው። ገና በጠዋቱ «ያላ፣ ተነሺ» አለችኝ። «ቅጠሉን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። እንዴታ አልኳት፤ እኔ የማላውቀው ቅጠል የት አለ። መንገዱን እየመራሁ ከጡብ መተኮሻዎቹ ኋላ፣ ቆሻሻ ከሚጣልበት ወሰድኳት። ቅጠሉን አየሁ፣ ግንዱን ዳበስኩ፣ አሽቼ አሸተትኩ፣ «ይሄ ነው» አልኩ፤ እንደ አስተማሪ። ዩማ ሻሿን ዘርግታ ቅጠሉንም እሾሃሙን ፍሬም ሞላችው። ስንመለስ ታንጎራጉር ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስታንጎራጉር የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ለኑሩ ነው» አለችኝ፣ እኔ ሳልጠይቃት። ተረቱ ውስጥ ልጁን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቃዲም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይሄን ብነግራት ማንጎራጎሩን ታቆማለች። ዝም አልኩ፤ በሕይወቴ ዝም ያልኩበት የመጀመሪያው ቀን እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ቤት ስንደርስ ውሃ ጣደች። እኔ ሾልኬ አያ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ፤ ለጁምዓ ሶላት ውዱእ እያደረጉ ነበር።

«አያ፣ የትናንቱ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«አንቺ? መጨረሻ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ ምን ታየሽ?»

«በአላህ ይንገሩኝ።»

«በሁለተኛው ቀን አፉ እንደ ቆዳ ደረቀ» አሉ፣ እግራቸውን እየታጠቡ። «ውሃ ሲሰጡት እባብ ነው ብሎ ሸሸ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱን ጅብ ናት ብሎ ሲሮጥ ገደል ገባ። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ያን ዝምታ ፈለገችው፤ ወዴት ታገኘዋለች። ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ዩማ ለኑሩ አፍልታለች።»

ማንቆርቆሪያው ሲወድቅ ሰማሁ፤ እኔ ግን ከግቢው ወጥቼ ነበር። ያን ቀን የሮጥኩትን ሩጫ ሌላ ጊዜ ሳወራው ካላክላን በሦስት እርምጃ ነው የማቋርጣት፤ ዛሬ ግን እውነቱን ልጻፍ፦ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ ጉልበቴም ተልጧል።

ስደርስ ዩማ ኑሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ኩባያውን እፍ እያለች ታበርድ ነበር።

«ዩማ አታጠጪው፤ ውሸቴን ነው።»

«የቱ ነው ውሸትሽ?»

«ልጁ። ልጅ አልነበረም፤ ባል ነው። ሞቷል። ገደል ገብቶ።»

ዩማ ቀና ብላ አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። «ትናንት ልጅ ነበር፣ ዳነ። ዛሬ ባል ሆነና ሞተ። ነገ ደግሞ ግመል ይሆናል። አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ እንዲናገር አትፈልጊም?»

ከዚያ በፊት የተናገርኩት ሁሉ፣ ዶሮዋ ከነሾፌሯ፣ ነብሩ፣ ሁሉም በመካከላችን ቆመው እውነቱን አላሳልፍ አሉት። ምን ብል ታምነኛለች? በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ብቻ ቁርጥ ብሎ ገባኝ፤ በአፌ ካላመነችኝ በዓይኗ ትይ። ኩባያውን ከእጇ ነጥቄ ተጎነጨሁ። መራራ ነው፤ ሽታው የሞተ አይጥ። ሁለተኛውን ስጎነጭ ዩማ በጥፊ መታችውና ኩባያው ግድግዳ ላይ ተሰበረ። ኑሩ ከጭኗ ወርዶ ሁለታችንን ያየናል።

አያ እንድሪስ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ባዶ፣ እያለከለኩ ገቡ። ወደ ድስቱ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ሰኪራን» አሉ።

ዩማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዓረብኛው ስም ውስጥ ስካሩ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ ካርቱም ገበያ የወጣች ሴት ሁሉ ያን ስም ታውቀዋለች፣ እብደት የሚሸጥበት ፍሬ እንደሆነ ሰምታለች። «አስተናግር የምትሉት ሰኪራንን ነው?» አለች።

«አስተናግር አያናግርም ልጄ» አሏት። «ያስቀባጥራል። የጠጣው ማነው?»

ዩማ በጣቷ አሳየቻቸው። አያ እንድሪስ ግንባሬን ዳበሱት፣ ዓይኔን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩት። «ያ ረብ፣ ከዚህ ሁሉ ፍጡር እሷን?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የተጋነነ ነገር ካለ ጥፋቱ የነሱ ነው። በካሮ ጭነው ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ የመብራት ምሰሶውን ሁሉ አጎቴ እያልኩ ሰላም እል ነበር። አህያዋን «ደክሞሻል፣ ውረጂና እኔ ልጎትት» ብያታለሁ። ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ እንኳ ሊያቆመኝ አልቻለም። ይሄን የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል። የማያስቀውን የምታወራው ዩማ ብቻ ነች፤ እሷም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሁለት ቀን አላወቅኳትም። እሷ አሠሪዋን እንደምትጠራት፣ ማዳም እያልኩ ነበር የምጠራት። «ማዳም፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ቤቴ ልሂድ?» እላታለሁ። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ «ሂጂ» እያለችኝ አነጋች።

ብርሃን ዓይኔን እንደ መርፌ መውጋቱን ሲተው፣ ዩማ መጀመሪያ ያለችኝ ነገር «ከዛሬ ጀምሮ ታሪክ ስትነግሪኝ መጨረሻውን አስቀድሚ» የሚል ነው። ሌላ ቁጣ አልጨመረችም። አያ እንድሪስም ጥፋቱን በራሳቸው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ በፋኖሷ ሥር ተረት ሲጀምሩ «ሞተ። አሁን እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ» ብለው ሆነ። አንድ ቀን ደግሞ አንድ እቅፍ አሉማ ይዘው መጡ፤ ዓረቦቹ የወፍ ምላስ እያሉ የሚጠሩት የሚበላ አረም ነው። «እምነትሽ በስም ከሆነ ይሄን አብስይለት፤ ቢያንስ አይገድልም» አሏት። ዩማ ያን ቀን ሳቀች። አበሰለችው፣ ኑሩም በላው። አልተናገረም። ጠገበ።

ኑሩ የተናገረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፣ ማንም ሳያናግረው፣ በራሱ ጊዜ። የመጀመሪያ ቃሉ «ኪዚብ» ነበር፣ ውሸት ማለት ነው፣ ለኔ ነው ያለው ብዬ ለሰው አወራለሁ። ዩማ ግን «ሞያ» ነው ያለው፣ ውሃ ጠምቶት ነው ትላለች። የሷን እመኑ።

አያ እንድሪስ ከሞቱ ቆዩ። ጦርነቱ ካላክላ ገብቶ ገበያው በተዘጋ ጊዜ፣ ከበሕሩ ዳር የለቀሙትን ቅጠል በላስቲክ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬም ይመጣሉ፣ የሱዳኑም የወሎውም። በሬ ላይ አስቀምጬ ዘንግ በዘንግ እለቅምላቸዋለሁ። እቀልዳለሁ፣ የባሎቻቸውን ስም ለአረሙ እሰጣለሁ፣ ሚኒባስ የነዳችውን ዶሮ እነግራቸዋለሁ። እጄ ክፉ ቅጠል ላይ ሲደርስ ግን በዓረብኛም በአማርኛም ስሙን ሁለቴ እጠራለሁ፣ ምን እንደሚያደርግ እናገራለሁ፣ አንዲት ቃል አልጨምርበትም። ሌላው ነገሬ ሁሉ እንደፈለገ ይደግ፤ ሰው አፉ ውስጥ በሚያስገባው ነገር ላይ ግን ላልቀልድ ወስኛለሁ፣ ከያኔ ጀምሮ አልቀለድኩም።

ኑሩ ዛሬ የረክሻ፣ የባለ ሦስት ጎማዋ ባጃጅ፣ ነጂ ነው። ቃል አያባክንም፤ ለተሳፋሪ እንኳ በጣቱ ነው የሚያሳየው። ይሄን ታሪክ ሰው በተሰበሰበበት ሳወራ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል። ሩጫዬ ላይ ስደርስ «ኪዚብ» ይላል። አህያዋ ላይ ስደርስ «ኪዚብ» ይላል፤ ሰውም ይስቃል። ኩባያውን ከዩማ እጅ የነጠቅኩበት ላይ ስደርስ ግን ምንም አይልም፤ አንገቱን ደፍቶ የረክሻውን ቁልፍ በጣቶቹ መካከል ያገላብጣል።